ጠጠር የገባበት ጣሳና ሁለቱ ውሾቼ

ጣሳ ውስጥ ጠጠር ትከታለህ፣ አፉን ታሽጋለህ፣ ውሻው ሲያጠፋ ደንግጦ እንዲተው አጠገቡ ትጥላለህ። ዘዴው ይኸው ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ነብሮ ደፋር ነው። ጣሳው ሲንኳኳ የመጀመሪያ ቀን ደንገጥ አለ። በማግስቱ በአፉ ይዞልኝ መጣ፣ እንጫወት ባይ!

ቡቺ ድንጉጥ ናት። በር ላይ ስትጮኽ አንድ ጊዜ ብቻ ጣልኩት። ጩኸቷ ቀጥ አለ። ተሳካልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ማታ ምግቧን በብረት ሳህን ሳስቀምጥላት ግን ኳ ሲል በረገገች። በማግስቱ በበሩ በኩል ማለፍ እምቢ አለች። ጭራዋን እግሮቿ መሃል ወሽቃ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ከንፈሯን ትልሳለች። እኔ "አትጩኺ" ማለቴ ነበር። እሷ የገባት በሩም ብረቱም ክፉ መሆናቸው ነው። ውሻ የሚያስደነግጠውን ነገር የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ከሚያየውና ከሚሰማው ጋር ነው፤ የኛን ሐሳብ ከየት ያውቃል? ለካ መጀመሪያም የምትጮኸው ፈርታ ነው። እኔ ደግሞ ጨመርኩላት።

ዝምታዋም አታሎኛል። እ.ኤ.አ. በ1967 ሴሊግማንና ሜየር የሚባሉ ተመራማሪዎች ባደረጉት ሙከራ፣ ማስቆም የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች በኋላ ማምለጫ ሲያገኙ እንኳ ብዙዎቹ ተኝተው ተቀበሉት። ዝም ያለ ውሻ ሁሉ የተማረ አይደለም ማለት ነው።

ቡቺን ለመመለስ ሁለት ወር ገደማ ፈጀብኝ። ሳህኑን በፕላስቲክ ቀየርኩ። ቁራጭ ሥጋ ከበሩ ራቅ አድርጌ እያስቀመጥኩ፣ በቀን አንድ እርምጃ ያህል አስጠጋሁት። ወደ ኋላ ካለች እኔም ወደ ኋላ።

የነብሮ ችግር ብስክሌት ማባረር ነበር፤ ይህ ደግሞ ሰው ይጥላል። ለሱ ሪሞት ያለው የአንገት ቀበቶ ገዛሁ። ኤሌክትሪክ የሚለቀውን አይደለም፤ እሱን ዌልስን የመሳሰሉ አገሮች በሕግ ከልክለውታል። የኔው እንደ ስልክ ይርገበገባል እንጂ አያነዝርም። መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ሙሉ በረጅም ገመድና በሥጋ "ና" የሚለውን አስተማርኩት። ያልተማረውን ነገር አላደረግክም ብሎ መቅጣት ግፍ ነው። ቀበቶውን መጀመሪያ በራሴ የእጅ አንጓ ላይ ሞከርኩት። ከዚያ ከዝቅተኛው መርገብገብ ጀምሬ ነብሮ ጆሮውን ቀጥ እስኪያደርግ ድረስ ከፍ አደረግኩ፤ ከዚያ በላይ አልጨመርኩም። ሲርገበገብበት ወደ እኔ ከተመለሰ ወዲያው ሥጋ።

እዚህም አልተሳሳትኩም አልልም። አንድ ቀን ተናድጄ ሁለቴ ሦስቴ ተጫንኩት። ሪሞት እጅ ላይ ሲኖር ንዴት ጣት ላይ ነው የሚወጣው። ሌላ ጊዜ ቀበቶውን ቀኑን ሙሉ ረስቼበት አንገቱ ቀልቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ እንዳለቀ አወልቃለሁ።

ጣሳውን ጠጠሩን ደፍቼ ጣልኩት። አሁንም ማንኪያ ከእጄ ሲወድቅ ቀድሜ የማየው ቡቺን ነው።