በሮም ገብቶ በሚላን መውጣት

ሄደውበት በማያውቁት ሀገር አራት ከተማ ለመዞር ሲነሡ ሐሳብ ሁሉ የሚሄደው ወደ ከተሞቹ ነው። ዕቅድ የሚበላሸው ግን በከተሞቹ መካከል ነው፤ ክፍል ከተለቀቀ በኋላ ሻንጣ ይዞ በሚዋልሉበት እኩለ ቀን፣ አንድ ፌርማታ ቀድመው በሚወርዱበት ባቡር፣ ከቀናት በፊት ትኬቱ ባለቀ ሙዚየም። ስለዚህ ይህን የጣሊያን የበጋ (በእኛ የክረምት ወራት) ጉዞ ማስታወሻ ስጽፍ ከሚታየው ይልቅ ለሚያሸጋግረው ነገር ሰፊ ቦታ ሰጥቻለሁ። መስመሩ ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ሚላን ነው።

መጀመሪያ የሚወሰነው የአውሮፕላኑ ትኬት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሮምም ወደ ሚላንም ስለሚበር፣ መሄጃውን ወደ ሮም፣ መመለሻውን ከሚላን አድርጎ መግዛት ይቻላል። ደርሶ መልሱን በሮም ብቻ የገዛ ሰው ከሚላን ለመመለስ ሦስት ሰዓት ገደማ ባቡር፣ ተጨማሪ የባቡር ትኬትና ብዙ ጊዜም አንድ ተጨማሪ ሌሊት ይከፍላል። በትኬቱ ላይ ያገኘው ቅናሽ ብዙ ጊዜ ይህን አይሸፍንለትም።

ቀጥሎ ሌሊቶቹን መደልደል ነው። ለመጀመሪያ ጉዞ ሮም 4፣ ፍሎረንስ 3፣ ቬኒስ 2፣ ሚላን 1 ሌሊት ይበቃል። ከተማ በተቀየረ ቁጥር ግማሽ ቀን እንደሚጠፋ አስቀድሞ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ሆቴሎች ከረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ክፍል ያስለቅቃሉ፣ አዲሱን የሚሰጡት ደግሞ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ኔፕልስ ከሮም በፈጣን ባቡር 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነች ታጓጓለች። ነገር ግን ያለችው በስተደቡብ፣ መስመሩ የሚሄደው ወደ ሰሜን ነው። እኔ ለሌላ ጊዜ እተዋታለሁ።

የመግቢያው ቀን ሐሙስ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የዝግ ቀኖቹ በራሳቸው ይስተካከላሉ። የቫቲካን ሙዚየሞች እሑድ ዝግ ናቸው፤ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነፃ ይከፈታሉ፣ ሰልፉም በዚያው ልክ ረጅም ነው። በፍሎረንስ ኡፊሲና አካዴሚያ የሚባሉት ሙዚየሞች፣ በሮም የቦርጌዜ ጋለሪ፣ በሚላን የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ «የመጨረሻው እራት» ያለበት አዳራሽ ሰኞ አይከፈቱም። ሐሙስ ጠዋት ሮም የገባ ሰው ዓርብ ወይም ቅዳሜ ቫቲካንን ያያል፤ ሰኞን በመንገድ ያሳልፋል፤ ማክሰኞና ረቡዕ ፍሎረንስ ናቸው፤ ሐሙስ ወደ ቬኒስ፣ ቅዳሜ ወደ ሚላን ይሄዳል፣ እሑድ ይመለሳል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። አሜሪካ በግሪን ካርድ ወይም ብሪታንያ በመኖሪያ ፈቃድ የሚኖረውም እንዲሁ ነው፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ቪዛውን አያስቀርለትም፣ የሚያመለክተው ግን በሚኖርበት ሀገር ነው። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ እስከ 15 ቀን ድረስ ይቀርባል። ከ2024 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ የጉዞ መድኅኑም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ፓስፖርቱ ከሼንገን ሀገሮች ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። ፈረንሳይን ወይም ሌላ የሼንገን ሀገር የሚጨምር ካለ፣ ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለሚያድርበት ሀገር ነው። ለበጋ ወራት ቀጠሮ ቶሎ ስለሚያልቅ ትኬት ከመክፈል በፊት ቀጠሮውን መያዝ ይሻላል።

ማመልከቻን ሊያሰናክል የሚችል ሌላው ነገር የቀን ስሌት ነው። ነሐሴ 1 በአውሮፓውያን ኦገስት 7 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣ በረራ ደግሞ ቀኑ ተቀይሯል፤ «ረቡዕ ማታ» ብለን የምንጠራው ጉዞ በትኬቱ ላይ ሐሙስ ሆኖ ይጻፋል። ሆቴሉን ከረቡዕ ጀምሮ ያስያዘ ሰው ያላደረበትን ሌሊት ይከፍላል፤ የቪዛ ማመልከቻው ላይም ቀኖቹ አይገጥሙም። በወረቀት ላይ ሁሉንም ነገር በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት አጻጻፍ አንድ ዓምድ አድርጎ ማስፈር ከዚህ ያድናል። በበጋ የጣሊያን ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው።

አሁን ወደ ባቡሩ። ከተማ ከከተማ የሚያገናኙት ፈጣን ባቡሮች የሁለት ድርጅቶች ናቸው፦ የመንግሥቱ ትሬንኢታሊያ፣ ባቡሮቹ ፍሬቻሮሳ የሚባሉት፣ እና የግሉ ኢታሎ። ሮም–ፍሎረንስ 1 ሰዓት ተኩል፣ ፍሎረንስ–ቬኒስ 2 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ፣ ቬኒስ–ሚላን 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳሉ። የእነዚህ ዋጋ እንደ አውሮፕላን ትኬት ነው፤ ቀኑ ሲቀርብ ይወጣል። ትሬንኢታሊያ ላይ በጣም ርካሹ «ሱፐር ኢኮኖሚ» አይቀየርም፣ ገንዘቡም አይመለስም፤ «ኢኮኖሚ» በገደብ ይቀየራል፤ «ባዜ» ግን እስከ መነሻው ሰዓት እንደልብ ይቀየራል። እኔ ርካሹን የምገዛው በጉዞው መካከል ላሉት መስመሮች ብቻ ነው። አውሮፕላን በወረዱበት ቀን የማይቀየር የባቡር ትኬት መያዝ ተገቢ አይደለም፤ ሻንጣ ይዘገያል፣ የፓስፖርት ሰልፍ ይረዝማል።

ቀርፋፋዎቹ የክልል ባቡሮች ዋጋቸው ቋሚ ነው፤ አስቀድሞ መግዛት የሚያመጣው ጥቅም የለም። የሚያስቀጣው ግን እዚህ ላይ ነው፦ የወረቀት ትኬቱ ከመሳፈር በፊት መድረኩ አጠገብ ባለች ትንሽ ማሽን መታተም አለበት፤ በስልክ የተገዛው ደግሞ ከመሳፈር በፊት ቼክ ኢን ይደረጋል። ትኬት በእጅ እያለ ተቀጪ መሆን ብዙ ቱሪስት የሚገባው አይደለም፤ ተቆጣጣሪው ግን ማስረዳት አይቀበልም።

ጣቢያ ውስጥ ሰሌዳው የሚያሳየው የባቡሩን የመጨረሻ መድረሻ ነው። ከሮም ወደ ፍሎረንስ የሚሄደው ባቡር በሰሌዳው ላይ «ሚላኖ» ወይም «ቬኔዚያ» ሊባል ይችላል፤ ስለዚህ መፈለግ ያለበት የከተማ ስም ሳይሆን ትኬቱ ላይ ያለው የባቡር ቁጥር ነው። መድረኩ የሚገለጸው ሊነሣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በመሆኑ ሻንጣ ይዞ ሰሌዳው ሥር መቆም ግድ ነው። የጣቢያውም ስም እስከ መጨረሻው ይነበብ። የፍሎረንስ ዋና ጣቢያ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ነው፤ ሪፍሬዲና ካምፖ ዲ ማርቴ ከመሐል ከተማው ውጭ ናቸው። በቬኒስ ሜስትሬ በየብሱ ላይ ያለች የከተማዋ ክፍል ናት፤ ደሴቲቱ ላይ ያለው ጣቢያ ሳንታ ሉቺያ ይባላል፣ ከሜስትሬ በኋላ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ሚላን ላይም የሚወረደው ቼንትራሌ ነው።

የሠራተኞች አድማ በጣሊያን አስቀድሞ ይታወጃል፤ ከጉዞው ሳምንት በፊት «ሾፔሮ» የሚለውን ቃል ከቀኑ ጋር መፈለግ ይበቃል። በአድማ ቀንም ቢሆን በሥራ ቀናት ከ6:00 እስከ 9:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 በሕግ የተጠበቁ የክልል ባቡሮች ይሄዳሉ።

ሮም፦ ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ፣ በ14 ዩሮ ያደርሳል። ሦስት ሆኖ ሻንጣ ለያዘ ቤተሰብ ግን የከተማው ታክሲ ቋሚ ዋጋ ስላለው ይሻለዋል፤ ከመግባት በፊት ቋሚውን ዋጋ መጥራት ነው። ከተርሚኒ ሲወጡ ፊት ለፊት የሚገኘው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» የሚባለው በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር በደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ስም ነው፤ ሐውልታቸውም ከዚያው አቅራቢያ ይገኛል። የእኛ ሰው ሳያውቅ በላዩ ሻንጣ እየጎተተ ያልፋል። በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ወርደው ከወጡ ደግሞ የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሞበት የነበረውን የፖርታ ካፔና አደባባይ፣ ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ያገኙታል። ሐውልቱ በ2005 ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። እነዚህን ሁለት ቦታዎች ሳያዩ ሮምን አየሁ ማለት ለኢትዮጵያዊ የሚጎድለው ነገር አለው ብዬ አምናለሁ።

የኮሎሲየም ትኬት የሚለቀቀው ከ30 ቀን በፊት ነው፤ በስም ስለሚቆረጥ መግቢያው ላይ ፓስፖርት ይጠየቃል። ቦርጌዜ ያለ ቀጠሮ አይገባም፤ የሁለት ሰዓት ጊዜ ይሰጣል። በቫቲካን የሙዚየሙ በርና የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በር የተለያዩ ናቸው፤ በአጥሩ ዙሪያ ቢያንስ ሩብ ሰዓት በእግር ያራርቃቸዋል። ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን አይገባም፤ ቦርሳ ውስጥ የገባች ነጠላ ችግሩን ትፈታለች። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ የአቢሲንያውያኑ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ተሳላሚዎች ያረፉበት ሲሆን፣ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እ.ኤ.አ. የግዕዙን አዲስ ኪዳን ሲያሳትሙ የኖሩትም እዚያው ነበር። ቦታው በቫቲካን ግቢ ውስጥ ስለሆነ እንዲሁ አይገባበትም።

ፍሎረንስ በተራሮች መካከል ስላለች ሙቀቱ አይነሣም። ሆቴል ሲመረጥ አየር ማቀዝቀዣ መኖሩ ከቁርስ ይቀድማል። ኡፊሲ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ሲከፈት መግባት፣ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ማረፍ፣ ከዚያ እንደገና መውጣት ነው የሚያዋጣው። ሲዬና መሄድ የፈለገ አውቶቡሱን ይያዝ፤ የባቡሩ ጣቢያ ከኮረብታው በታች ሲቀር አውቶቡሱ ወደ መሐሉ ይጠጋል።

ነሐሴ ላይ የሚጓዝ ሁለት ነገር ያስብ። ኦገስት 15፣ በእኛ ነሐሴ 9፣ ፌራጎስቶ የሚባለው በዓል ነው፤ ካቶሊኮች ፍልሰታን የሚያከብሩት ያን ዕለት ነው። ትንንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች በዚያ ሳምንት ይዘጋሉ። ሁለተኛው ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው ጊዜ የሚጾም ሰው በጣሊያን አይራብም። ፒሳ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። ደረቅ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ በዱቄትና በውኃ ይሠራል፤ ትኩስ ፓስታ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል ስላለበት ሳይጠይቁ አይበላም። በፍሎረንስ በበጋ የሚቀርበው ፓንሳኔላ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ኮምጣጤና የወይራ ዘይት ነው። የአትክልት ሾርባ ላይ መጠንቀቅ ይገባል፤ አንዳንዱ የአይብ ቅርፊት ገብቶበት ይፈላል። ሲያዙ «ሴንሳ ፎርማጆ» (ያለ አይብ) ማለት አይዘንጋ።

ቬኒስ ላይ ሻንጣው ትንሽ ይሁን፤ አብዛኞቹ ድልድዮች ደረጃ ናቸው። አድራሻ የሚሰጠው በሰፈርና በቁጥር ስለሆነ ቁጥሩ ብቻ መንገዱን አያሳይም፤ ሆቴሉን በጀልባ ፌርማታው ስም መጠየቅ ይሻላል። የጀልባ ትኬት ለ75 ደቂቃ 9.50 ዩሮ፣ ለ24 ሰዓት 25 ዩሮ በመሆኑ በቀን ሦስት ጊዜ የሚሳፈር የቀኑን ይግዛ። ከተማዋ ከ2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ከቀን ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ ትወስዳለች። እዚያው የሚያድር አይከፍልም፤ ሆኖም ነፃ መሆኑን አስቀድሞ በድረ ገጹ መመዝገብ አለበት።

ሚላን ላይ «የመጨረሻው እራት» ለ15 ደቂቃ ብቻ ይታያል፤ ትኬቱ ለብዙ ሳምንታት በአንድ ጊዜ ስለሚለቀቅና ወዲያው ስለሚያልቅ ከአውሮፕላኑ ትኬት ቀጥሎ የሚያዝ ነው። ከቼንትራሌ ጣቢያ ወደ ማልፔንሳ አውሮፕላን ማረፊያ ባቡሩ 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በአንድ ሱቅ ከ70 ዩሮ በላይ ገዝቶ የግብር ተመላሽ ወረቀት የያዘ፣ ዕቃው በሚላከው ሻንጣ ውስጥ ከሆነ፣ ሻንጣውን ከማስረከቡ በፊት ጉምሩክ ጋ ያሳይ፤ ካስረከበ በኋላ ዕቃው አይታይም፣ ወረቀቱም አይጸድቅም።