«ሌላኛው ወገንስ ምን አለ?»

ባለፈው መስከረም ወር 14 ሰው ይዤ ዊንዲ ጋይል ተራራ ላይ ወጣሁ። ሁሉም ኒውካስል የሚኖሩ ያገሬ ሰዎች ናቸው። የእግር ጉዞ መምራት እንጀራዬ ቢሆንም በአማርኛ ሳስጎበኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ሌሊቱን ስለማመድ አደርኩ።

እንግሊዝንና ስኮትላንድን የሚለየው ድንበር በቼቪየት ተራሮች ሸንተረር ላይ ያልፋል። ስንት ደም የፈሰሰበት መስመር ዛሬ የሽቦ አጥር ብቻ ነው። ድሮ ከብት በሚነዳበት መንገድ ሽቅብ ወጣን። ጭጋግ ነበር። ረግረጉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ባይነጠፍ ኖሮ እስከ ጉልበታችን እንሰምጥ ነበር።

ጫፉ 619 ሜትር ነው። እዚያ ላይ የራስል ክምር የሚሉት ትልቅ የድንጋይ ቁልል አለ። አጠገቡ ቆሜ ቢሮው የሰጠኝን ወረቀት እንደ ዳዊት ደገምኩት። ዘመኑ 1585፣ ወሩ ሐምሌ። የሁለቱ አገር የድንበር ሹሞች በቀጠሮ ይገናኙና የተዘረፈ ከብት፣ የፈሰሰ ደም ይዳኛሉ። የዚያን ቀን እርቅ ነው፤ ማንም ማንንም አይነካም። ግን ጠብ ተነሳ። ወጣቱ የእንግሊዝ መኳንንት ፍራንሲስ ራስል በጥይት ተመትቶ ሞተ። «ስኮቶች መክረው ገደሉት፤ ክምሩም ለመታሰቢያው ቆመ» ብዬ ጨረስኩ።

አንድ አዛውንት አብረውን ነበሩ። አገር ቤት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው የሰው የወሰን ክርክር ሲመዘግቡ የኖሩ ናቸው። ምርኩዛቸውን ድንጋዩ ላይ አስደገፉና ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ መክረው ገደሉት ያለው ማነው?»

«የእንግሊዙ ሹም ነው፣ ጋሼ። ጆን ፎርስተር።»

«ለሟች ምኑ ነው?»

«አማቱ። የሚስቱ አባት።»

«እሺ። ሌላኛው ወገንስ ምን አለ?»

አፌ ተያዘ። ያንን ታሪክ ስንቴ ተናግሬዋለሁ! የስኮቶቹን ሹም ስም እንኳ አላውቅም ነበር። እሳቸው አልጨቀጨቁኝም። «ይሁን፣ ሌላ ጊዜ ትነግረኛለህ» ብለው ቴርሞሳቸውን ከፈቱና ሻይ ቀዱልኝ። ብርጭቆውን ስቀበል እጄ ላይ ፈሰሰ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ጭቃ ጫማዬን ሳላወልቅ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ፎርስተር ራሱ መጀመሪያ ሲጽፍ ነገሩ ድንገተኛ ነው ብሎ ነበር። ታስቦበት ነው ያለው በኋላ ነው። የእንግሊዝ መንግሥትም ክሱን ስኮትላንድ ውስጥ የማይፈልገውን ሰው ለመጣል ተጠቀመበት። የስኮቶቹ ሹም ቶማስ ኬር ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት አበርዲን ውስጥ ሞተ። ክምሩም የራስል መታሰቢያ ተብሎ የቆመ አይደለም። የነሐስ ዘመን መቃብር ነው፤ ራስል ሲወለድ ከ2,000 ዓመት በላይ አስቆጥሯል።

ወረቀቱን አርሜ ለአለቃዬ ላክሁለት። «ጥሩ ነው፣ ግን ይረዝማል» አለኝ። በሰዓት ለካሁት። የሚጨምረው ሃያ ሰከንድ ነው። የታተመው ወረቀት እስከ ዛሬ አልተቀየረም። እኔ ግን ተራራው ላይ ስቆም ሁለቱንም ቃል እናገራለሁ።

ለአዛውንቱም ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ የሹሙ ቃል ሁለት ነው። አንዱ ድንገት ነው ይላል፣ ሌላው ታስቦበት ነው ይላል።»

ትንሽ ዝም አሉ። እስክሪብቶ ሲፈልጉ ይሰማኛል።

«የመጀመሪያው በስንተኛው ቀን ነው የተጻፈው?»