በሰዓት አንድ በሬ

ለበዓል ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ጀምሮ ሄሊኮፕተር ማብረር መማሬን የሰማ ሁሉ «አያስፈራም ወይ?» ይለኛል። ስለ ሒሳቡ የጠየቀኝ አባቴ ብቻ ነው። «ለአንድ ሰዓት ስንት ያስከፍሉሃል?» አለኝ። በብር መትቼ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲህ በሰዓት አንድ በሬ እያረድክ ነዋ የተማርከው!» አለ።

በእርግጥ በሬ የሚያሳርደው ትልቁ ሄሊኮፕተር ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ተማሪ የሚጀምረው ሮቢንሰን አር 22 በምትባል ባለ ሁለት ወንበር ሄሊኮፕተር ነው። ከነአስተማሪው ሰዓቷ ከ300 ዶላር በላይ ነው። ባለ አራት ወንበሯ አር 44 ከ500 ዶላር ትበልጣለች። በአባቴ ስሌት አንዷ ወይፈን፣ አንዷ በሬ ትበላለች። የግል ፈቃድ ለማውጣት ሕጉ ቢያንስ 40 ሰዓት ይጠይቃል፤ በ40 የሚጨርስ ግን እምብዛም ነው። ተከፍሎህ ለማብረር ደግሞ ሌላ ፈቃድ አለ፤ እሱ 150 ሰዓት ይላል። እዚያ እስኪደረስ ሁሉም ተደማምሮ 80 ሺህ ዶላር ቢያልፍ የሚገርም አይደለም። እኔ ዲቪ ደርሶኝ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ ሌሊት መጋዘን እየሠራሁ፣ አጎቴም እያገዘኝ ነው የተወጣሁት። እዚህ ሆኖ በብር ለሚያስብ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ።

ለምን ይህን ያህል ይወደዳል? ነዳጁና አስተማሪው ብቻ አይደሉም። አር 22 በረራዋ 2,200 ሰዓት ሲሞላ ወይም 12 ዓመት ሲሆናት ሙሉ በሙሉ ተፈታትታ መታደስ አለባት። ወጪው ቀላል አይደለም። ስለዚህ አንተ የምትከፍላት እያንዳንዷ ሰዓት የዚያን ዕዳ ቁራጭ ይዛለች።

ከብሩ ይልቅ እኔን ያንገበገበኝ ሄሊኮፕተሯን ባለችበት አየር ላይ ማቆሙ ነው። ቀኝ እጅህ የያዘው ዘንግ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይወስዳል። ግራ እጅህ ከወንበሩ ጎን ያለውን ማንሻ ይዟል፤ እሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሁለት እግርህ ፔዳል ላይ ነው። ማንሻውን ትንሽ ከፍ ስታደርግ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይዞራል። እሱን ለማቆም ግራ ፔዳል ትረግጣለህ። ስትረግጥ ጅራቷ ላይ የምትሽከረከረው ትንሿ ክንፍ ትበረታና መላ አካሏን ወደ ጎን ትገፋለች። ያን በቀኝ እጅህ ታርማለህ። ስታርም ዝቅ ማለት ትጀምራለች። እንደገና ማንሻው። አስተማሪዬ የወሰደኝ ሜዳ የኳስ ሜዳ ያህል ነበር፤ አልበቃኝም። እሱ መሪዎቹን አንድ በአንድ ነበር የሚሰጠኝ። ሦስቱንም ባንዴ የለቀቀልኝ ዕለት ሸሚዜ በላብ ርሶ ወረድኩ።

ሞተር ቢጠፋስ? ዱብ ትላለች የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ስትወርድ ከሥር የሚመጣው አየር አናቷ ላይ የሚሽከረከረውን ክንፍ እያዞረ ቀስ አድርጎ ያወርዳታል። ግን አር 22 ክንፏ ቀላል ስለሆነ የመሽከርከር ፍጥነቱ ቶሎ ይወርዳል፤ ማንሻውን ዝቅ ለማድረግ ያለህ ጊዜ ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። አስተማሪዬ ለልምምድ የሞተሩን ጉልበት በቀነሰ ቁጥር ሆዴ ደረቴ ድረስ ይመጣ ነበር።

እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ አየሩን ነው የማስበው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀትር ላይ ሙቀቱ 22 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፤ ማሽኗ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ እንዳለች ሆና ነው የምትሠራው። አር 22 ሁለት ጎልማሳ ይዛ እዚህ ከመሬት ለመነሳት ትቸገራለች። የጮቄ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር ያልፋል፤ እሱንማ ተወው። ደጀን ላይ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ለማብረር ጠንካራ ሞተርና የተራራን ነፋስ የለመደ ሰው ያስፈልጋል። እናቴ የሄሊኮፕተር ድምፅ እንኳ መስማት አትፈልግም። ምክንያቱን የአገሬው ሰው ያውቀዋል፤ አልገባበትም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ፎቶዎቼን ካየ ወዲህ «ጋሼ፣ እኔም እማራለሁ» ብሎ ይዞኛል። እህቴ ለእሱ ስትል ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቦታ ለመሸጥ ማሰቧን በጎን ነገረችኝ። እኔ አልተስማማሁም። ፈቃዱን ይዘህ ስትወጣ ቀጣሪው 1,000 ሰዓት አምጣ ይልሃል። ብዙዎቹ ሰዓቱን የሚያሟሉት ሌላ ተማሪ እያስተማሩ ነው፤ በአር 22 ለማስተማር ራሱ 200 የሄሊኮፕተር ሰዓት ይፈልጋል። የ150 ሰዓቱን ሰው 200 ላይ የሚያደርሰው የገዛ ኪሱ ነው። ዲቪም፣ የሌሊት ሥራም የሌለው ልጅ ያቺን 50 ሰዓት ከየት ያመጣል? ቦታው እንደሆነ አንዴ ነው የሚሸጠው።

ስለዚህ መጀመሪያ የአብራሪ የጤና ምርመራውን ያድርግ፣ እንግሊዝኛውን ያጠንክር፣ ቦሌ ያለው የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የአውሮፕላን አብራሪነት ፈተና ሲወጣ ይፈተን አልኩ። «አውሮፕላን አልፈልግም» ብሎ አኩርፎኛል። እህቴ ግን ደላላውን ደውላ አስቁማዋለች።