ተጣጥፎ ስንት ሴንቲሜትር? ከሜሪላንድ እስከ ጫሞ ሐይቅ

ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ቅዳሜና እሑድ የምይዘው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ለሁለት የሚከፈል ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከአንድ ሜትር ስለሚበልጥ መኪና ውስጥ ተጋድሞ ይሄዳል፤ ሻንጣ ውስጥ ግን በምንም ተአምር አይገባም። ወደ አርባ ምንጭ ይዤው ልሂድ ብል ራሱን የቻለ ረጅም ቱቦ ይፈልጋል፤ ቱቦው ደግሞ እንደ አንድ ሻንጣ ይቆጠራል። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ለሚበር ሰው አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል። አገር ቤት የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው ግን በሁለቱም ውስጥ የባለቤቱ ንብረት የሚያርፈው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው የአክስት ቫይታሚን፣ የጎረቤት ልጅ ጫማና የዘመድ ዘመድ ያዘዘው ላፕቶፕ ነው። አንዱን ሻንጣ ለአንድ ዘንግ መስጠት ከቤተ ሰብ ያጣላል።

ስለዚህ ከመሄዴ በፊት ተገጣጣሚ ዘንግ ፍለጋ ወጣሁ።

ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ የቀረበልኝ እንደ ራዲዮ አንቴና እየተሳበ የሚረዝመው ዓይነት ነው። ሲሰበሰብ ከክንድ አይረዝምም፤ ዋጋውም አይጎዳም። ቆሮሶ ለማጥመድ ይበቃል። እኔ ግን የምሄደው ወደ ጫሞ ነበር፤ እዚያ ነጭ ዓሣ የሚሉት ናይል ፐርች ሲያድግ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ እስከ 200 ኪሎ ሊመዝን የሚችል ዓሣ ነው። እንዲህ ያለውን እይዛለሁ የሚል ሕልም ባይኖረኝም የልጁን ልጅ እንኳ በዚያ ዘንግ ለመሳብ አልደፈርኩም። ተሳቢው ዘንግ አንዱ ክፍል በሌላው ሆድ ውስጥ ስለሚገባ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች አብዛኛውን ጊዜ በየክፍሉ ጫፍ ላይ ብቻ ይቀመጣሉ፤ ዘንጉ ሲጎብጥ ጭነቱ እኩል አይከፋፈልም። አሸዋ ከገባበት ደግሞ ወይ አልከፈት ወይ አልዘጋ ይላል። ሻጩም ወዴት እንደምሄድ ሲሰማ ሳይከራከር ወደ መደርደሪያው መለሰው።

ተገጣጣሚዎቹ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የክፍሎቹ ብዛት ነው፤ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት፣ ባለ አምስት። ለመንገደኛ የሚጠቅመው ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ነው፦ ተጣጥፎ ስንት ሴንቲሜትር ይሆናል? ሰባት ጫማ የሚባለው ዘንግ 213 ሴንቲሜትር ነው። ለአራት ሲካፈል 53 ይመጣል፤ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባበት ትርፍ ሲታከልበት 57 ወይም 58 ይደርሳል። ብዙ አየር መንገዶች ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅዱት ቁመት ደግሞ 55 አካባቢ ነው። በዚች በሦስት ሴንቲሜትር ምክንያት ብዙ ሰው ባለ አራቱን ትቶ ባለ አምስት ይገዛል፤ ባለ አምስቱ ወደ 47 ስለሚወርድ ቀጥ ብሎ ይገባል። እኔ አግድም ለካሁ። 55 በ40 የሆነ ሻንጣ ከጥግ እስከ ጥግ 68 ሴንቲሜትር ነው፤ ግድግዳውና መንኮራኩሩ የሚበላው ሲቀነስ ለ58 የሚሆን ቦታ ይተርፋል። ባዶ ሻንጣዬን ሱቅ ድረስ ጎትቼ ሄጄ ስሞክረው የሳቁ ነበሩ፤ ይሳቁ።

መጋጠሚያ ሲበዛ ክብደት ይጨምራል፤ ሊላላ የሚችለውም ቦታ እንዲሁ። ለከባድ ዓሣ ከአራት በላይ መከፋፈል የሚያስፈልገው ሻንጣው እምቢ ካለ ብቻ ነው ባይ ነኝ። ሺማኖና ሴንት ክሮይን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ለመንገደኛ ብለው የሚሠሯቸው ዘንጎች አሏቸው፤ ዋጋቸው ግን ይለያያል፤ የኩባንያው ስምም መጋጠሚያውን ከማየት አያድንም። አራቱን ክፍል ገጣጥሜ እጀታውን ዓይኔ ፊት አድርጌ በቀለበቶቹ ውስጥ አሻግሬ አየሁ፤ በአንድ መሥመር ካልቆሙ አይገዛም። ከዚያ እያወዛወዝኩ አዳመጥኩ። በደንብ የተገጠመ ዘንግ ዝም ይላል፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ መጋጠሚያው ልክ አይደለም። የወሰድኩት ከ30 እስከ 80 ግራም የሚመዝን ማባበያ የሚወረውር፣ የካርቦን ፋይበር ዘንግ ነው።

የአሜሪካ የአየር ማረፊያ ፍተሻ ዘንግን በእጅ ሻንጣ መያዝ ይፈቅዳል። ትልልቅ መንጠቆዎች ግን እንደ ስለት ስለሚታዩ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ ፈታሹን እንዳይወጉ ጫፋቸው ተሸፍኖ መሄድ አለባቸው። የክር መጠምጠሚያውን ከእኔ አለየሁትም፤ ውድ ነው፣ ቢጣልም ይጎዳል። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አየር ማረፊያ ያለ ምንም ጥያቄ አለፍኩ። የመጨረሻው ቃል የእያንዳንዱ አየር ማረፊያ ፈታሽ ስለሆነ ዘንጉን ማስረከብ ቢመጣ እንኳ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ትቼለት ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ዘንጉ የመጣበትን ጠንካራ ቱቦ እናቴ ቤት ትቼው ዘንጉን በጨርቅ ከረጢቱ ላይ በጋቢ ጠቀለልኩት። ወደ አርባ ምንጭ የሚበረው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን የዕቃ ማስቀመጫው ጠባብ ነው፤ የሚፈቀደው ክብደትም ከዓለም አቀፉ በረራ ያንሳል። የአገር ውስጥ ፍተሻ ላይ ያለው ወጣት ጋቢውን በጥንቃቄ ፈታ።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የዓሣ ማጥመጃ ነው፣ ወንድሜ።»

«መንጠቆውስ?»

«ተጭኗል።»

አንዱን ክፍል አንሥቶ በቀዳዳው አሻግሮ አየ፤ መልሶ ሲጠቀልለው «አርባ ምንጭ ከገቡማ ኮተሌቱን እንዳይረሱ» አለኝ። የዓቢይ ጾም ወቅት ስለነበር ምክሩ ከልብ የመጣ ይመስላል።

ጫሞ ላይ በጠዋት መውጣት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሣል። ጀልባው ላይ ተቀምጬ ዘንጉን ስገጣጥም ጀልባ ነጂው ከሞተሩ ይልቅ እጄን ነበር የሚያየው። በየመጋጠሚያው ወንዴ ጫፍ ላይ ሻማ አሸሁበት፤ ሰሙ እንዳይንሸራተትም፣ እንዳይጣበቅም ይረዳል። ክፍሎቹን ስገጥም ቀለበቶቹን ትንሽ ወደ ጎን አዙሬ አስገባሁና ቀስ ብዬ እያጠበቅሁ ወደ መሥመር መለስኳቸው። ክሩን አሳልፌ፣ ከማባበያው በላይ አንድ ሜትር ያህል ወፍራም ናይለን አሰርኩ፤ የነጭ ዓሣ አፍ እንደ ሞረድ ሻካራ፣ የጉንጩም ክዳን ስለታም ነው። ጉማሬዎቹ ራቅ ብለው ያንኮራፋሉ፤ አዞዎቹ አሸዋው ላይ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። እጅን ውኃ ውስጥ መንከር እዚያ የሚታሰብ አይደለም።

ሲወረውሩበት ከዋሉ የዘንጉ ክፍል መጋጠሚያው ላይ መዞሩ አይቀርም። ፀሐይዋ ከረር ስትል ነጂው «ጋሼ፣ ጫፉ ዞሯል» አለኝ። እውነትም የላይኛው ክፍል ወደ ግራ ጥቂት ተጠማዟል፤ ክሩ የቀለበቱን ጎን እየፋቀ ነበር። በዚህ ሁኔታ ዓሣ ቢይዝ የሚሰበረው መጋጠሚያው ላይ ነው። አስተካክዬ አጠበቅሁት፤ ከዚያ ወዲህ ጥቂት በወረወርኩ ቁጥር ክሩን ሰብስቤ ስጨርስ በግራ እጄ ሦስቱንም መጋጠሚያዎች እዳስሳለሁ።

የያዝኩት አንድ ነጭ ዓሣ ነው፤ ለአካባቢው ሰው የማይወራ፣ ጥቂት ኪሎ የሚመዝን። ወደ ጀልባው ሥር ሲጠልቅ ዘንጉ ከጫፍ እስከ እጀታ አንድ ወጥ ደጋን ሆኖ ጎበጠ፤ የትኛው ጋ እንደተቀጠለ በዓይን አይለይም ነበር። ነጂው እንደነገረኝ በፊት እንዲህ ያለው በየቀኑ ነበር፤ መረቡ በዛ፣ ዓሣው አነሰ። የጫሞ ነጭ ዓሣ ከመጠን በላይ በመጠመዱ መመናመኑን ተመራማሪዎችም የጻፉበት ጉዳይ ነው። ዓሣውን ለእሱ ሰጠሁት፤ ምሳ ላይ ለብለቡን አብረን በላን።

ሆቴል ስመለስ ዘንጉን በንጹሕ ውኃ አጥቤ ክፍሎቹን ለየብቻ አሳደርኳቸው። እርጥቡን መጠቅለል ቀለሙን ያነሣዋል። አንዱ መጋጠሚያ አልለቅ ብሎ ነበር፤ የሆቴሉ ዘበኛ አንዱን ጎን ይዞልኝ፣ ሳንጠመዝዝ ቀጥ አድርገን ስንስበው ወጣ።

በሚቀጥለው ጉዞ ባሌ መሄድ እፈልጋለሁ። ዌብ ወንዝ ውስጥ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት አለ። ለእሱ የሚያስፈልገው ሰው ሠራሽ ዝንብ የሚወረወርበት ዘጠኝ ጫማ ዘንግ ነው፤ ባለ አራቱ ተጣጥፎ 70 ሴንቲሜትር ስለሚያልፍ በእጅ ሻንጣዬ አግድምም ቢሆን አይገባም። ትራውት እንደ ነጭ ዓሣ ዘንግ የሚፈታተን ስላልሆነ ለዚያ ባለ ስድስቱን ያለ ስጋት እገዛለሁ፤ ወደ 50 ሴንቲሜትር ይወርዳል።