ወረቀቱ ነው ያዋረደኝ

በቦቢን፣ ማለትም ክር በተጠቀለለባቸው ትናንሽ እንጨቶች፣ ዳንቴል መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነው ይሄ የሆነው። ለመጋረጃ 1 ሜትር ተኩል ጠርዝ ታዘዝን፣ ፓተርኑ (እስፒል የሚሰካባቸው ነጥቦች ያሉበት ንድፍ) ግን 30 ሳንቲ ብቻ ነው፣ መጨረሻው ጋ ስትደርሱ እስፒሉን ነቅላችሁ ሥራውን ወደ መጀመሪያው ትመልሱና እዛው ቀዳዳ ላይ ትቀጥላላችሁ፣ ስለዚህ አንዱ ቀዳዳ 5 ጊዜ እስፒል ይገባበታል ማለት ነው። እኔ ይሄን መች አሰብኩት፣ ያው ወረቀቱ በኋላ ይጣላል አይደል ብዬ በተራው ባለ 80 ግራም ወረቀት ፕሪንት አድርጌ ዳንቴሉ የሚሠራበት ትራስ ላይ ወጥሬ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ዙር ቆንጆ ነበር። ሁለተኛውም ምንም አይልም። ሦስተኛው ላይ ጠርዙ እንደ እባብ መጠማዘዝ ጀመረ፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ክሩን አማሁ፣ ከዛ ቦቢኖቹን፣ ከዛ እጄን። በዛ ላይ ፕሪንተሩ ኢንክጄት ስለነበር ላብ ያለው ጣቴ ቀለሙን ነጩ ክር ላይ አሻሸው፣ በቃ ልቅሶ ቀረኝ።

ኃላፊያችንን ጠራኋቸው። "ዳንቴሉን ተይው፣ ወረቀቱን አሳዪኝ" አሉና ካለቀው በኩል እስፒሉን ነቅለው ወደ መብራት አዞሩት። ክር በሳብኩ ቁጥር እስፒሉ ሲያጋድል ቀዳዳው ሁሉ ሞላላ ሆኗል። "ይሄ እኮ ወንፊት ነው" አሉኝ።

ሁሉንም ፈታሁት። ተናድጄ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩና የዕቃ ካርቶን ቆርጬ አመጣሁ 😅 ውስጡ ሞገድ ሞገድ ስለሆነ መርፌ ቀጥ ብሎ አይወርድበትም፣ ክቡ ትራስ ላይ ሲጠቀለልም ይሰበራል። እሳቸው ሳቁ፣ እኔ አልሳቅኩም።

በመጨረሻ ፓተርኑን ስስ ግን ጠንካራ ካርድ ላይ ለጥፈን ከላዩ ደብተር የሚለበድበትን ዓይነት ተለጣፊ ላስቲክ አለበስነው፣ ሰማያዊ፣ የማያብለጨልጭ። ሰማያዊው ለጌጥ እንዳይመስላችሁ፣ ነጭ ክር ነጭ ወረቀት ላይ ዓይን ያጠፋል፣ የሚያብለጨልጨው ደግሞ የመብራቱን ብርሃን መልሶ ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። ላስቲኩ ቀለሙም ክሩን እንዳይነካ ያደርጋል። ከዛ ሥራ ሳልጀምር ቀዳዳውን አንድ በአንድ መርፌ ቀጥ አድርጌ በሳሁ፣ ከምንም በላይ የሚያሰለች ሥራ ይሄ ነው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ብራና ላይ ይበሱ ነበር ሲሉኝ ስለ ካርዱ ማጉረምረሜን ተውኩ።

አሁን ፓተርን ሲሰጠኝ ቀድሜ የምጠይቀው ስንት ዙር እንደሚሠራበት ነው። ለአንድ ዙር ናሙና ከሆነ ግን እውነቱን ልናገር፣ አሁንም ያቺኑ ተራ ወረቀት ነው የምጠቀመው፣ ላስቲኳን ብቻ አልረሳም።