7 ደቂቃ

ዛሬ ማታ ደብሊን ውስጥ የአየርላንድን የዳንስ ትርኢት ሪቨርዳንስን በዓይኔ አየሁት። ዳንሰኞቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው ወለሉን ሲመቱት ንዝረቱ ወንበሬ ድረስ ይመጣ ነበር። እጃቸው ከጎናቸው አይላቀቅም፤ የሚናገረው እግራቸው ነው። ከፊት የነበረችው ልጅ ጥቁር ጫማ ጫፉ ተፍቆ ነጥቷል። ስንት ቀን ደክማበት ይሆን!

ይህ ሁሉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1994 በዚሁ ከተማ፣ የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ክፍተት ለመሙላት በቀረበ የ7 ደቂቃ ትርኢት ነው። የቢል ዌላን ሙዚቃ፣ የጂን በትለርና የማይክል ፍላትሊ እግር! ፕሮዲውሰሯ ሞያ ዶኸርቲ በዚያ አላበቃችም፤ በፌብሩዋሪ 1995 ሙሉ ትርኢት ሆኖ ተከፈተ፤ ከዚያም ዓለምን ዞረ። ፍላትሊ በዚያው ዓመት ከትርኢቱ ቢለይም ጉዞው አልተቋረጠም።

ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ያን የ1994 ምሽት በቴሌቪዥን አይተውት እንደነበር ነገሩኝ። ሁሉም ዳንሰኞች በአንድነት ሲወጡ አዛውንቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያለቅሱ ነበር።