የአልጋ ልብስ

ዝናቡ ነው መሰለኝ፣ ዛሬ እጄ ሥራ አልይዝ አለ። ፎቶ ቤቴ ውስጥ ከተነሺው ጀርባ የሚሰቀለውን ጨርቅ ልተኩስ ብዬ ካውያ ሰካሁና ቁጭ አልኩ። ብርሃኑ የሚመጣው በጎን ካለው መስኮት ስለሆነ እያንዳንዷ ጭምዳድ ጥላ ትጥላለች። ተነሺውን ከጨርቁ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደፊት አምጥቶ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው መክፈት ደግሞ አለ፤ ጭምዳዱ ይደበዝዛል። የሰነፍ መላ ነው፣ ግን ይሠራል።

የማሊው ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታ እኮ የገዛ አልጋ ልብሱን ነው የሰቀለው! ዘርፋም። እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ላይ ስቱዲዮውን ሲከፍት ማለት ነው። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ጨርቁን ይቀይር ስለነበር፣ ኋላ ላይ የፎቶዎቹን ዘመን የሚለየው በጨርቁ ነበር።

ፊልሙ 13 በ18 ሳንቲሜትር፣ ውድ። ስለዚህ ለአንድ ደንበኛ አንዴ ብቻ ነው የሚያነሳው። ትከሻ ዘወር፣ አገጭ ቀና፣ እጅ የሚያርፍበት ቦታ፣ ሁሉም ከማንሳቱ በፊት ያልቃል። በዚያ መጠን ፊልም ላይ ጠርቶ የሚወጣው ርቀት ጠባብ ነው፤ ወደ ካሜራው የቀረበውን ዓይን ከሳትክ ጆሮ ጠርቶ ዓይን ይደበዝዛል። ነጭ ልብስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የኛ ነጠላም ያው ነው፦ የካሜራው ብርሃን መለኪያ ነጩን አይቶ ይሞኝና የለባሿን ፊት ያጠቁራል። ፊቷ ላይ መለካት፣ ካልሆነም ብርሃኑን አንድ ስቶፕ ተኩል (አንድ ስቶፕ እጥፍ ማለት ነው) መጨመር ነው።

ኬይታ ያትም የነበረው ኔጋቲቩን (የታጠበውን ፊልም) በቀጥታ ወረቀቱ ላይ አስተኝቶ፣ መስታወት ጭኖበት ነው። ማጉያ የለም፤ ፎቶው የኔጋቲቩን ያህል ብቻ። ከጀርባው የስሙን ማኅተም ይመታበታል። ኔጋቲቭ ላይ ግን ማን ማኅተም ይመታል? እ.ኤ.አ. በ1991 ኒውዮርክ ላይ ከኔጋቲቭ የታተሙ ሥራዎቹ ሲሰቀሉ «አንሺው ያልታወቀ» ተብሎ ተጻፈባቸው። ሰውየው ያኔ በሕይወት አለ፣ እዚያው ባማኮ! ከነጻነት በኋላ የመንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኖ፣ ጡረታ ከወጣም ቆይቷል። ፈልገው አገኙትና እ.ኤ.አ. በ1994 ፓሪስ፣ ካርቲዬ ፋውንዴሽን በሚባለው የሥነ ጥበብ ማሳያ ውስጥ ለብቻው ትርኢት ተዘጋጀለት። ከዚያ ወዲህ ሥራዎቹ ግድግዳ በሚያህል ወረቀት፣ ጥቁሩ ጠቁሮ ነጩ ነጥቶ ይታተማሉ። በኪስ ይያዝ የነበረው ለስላሳው ፎቶ የት፣ ይሄ የት። ዓለም ያደነቀው የትኛውን እንደሆነ እንጃ።

እሱስ ስሙ ተመለሰለት። አንዱ ፎቶው ላይ ያለችው፣ ያቺ በክርኗ ተደግፋ የተጋደመችው ሴትስ? ዛሬም ከሥሯ የሚጻፈው «ርዕስ አልባ» ነው። ይሄን አስቤ ልናደድ ስል የራሴን ሳጥን ከፈትኩ። ከላይ ያለው ፖስታ ላይ በእጄ ጽሑፍ፦ «ነጠላ የለበሰችው፣ ቀሪ 300 ብር»።

ማን ነበረች?